ቁልፉን የሰበረው ኢሳኪ

እሺ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የታሚል ፊልም ቴቫር ማጋን ላይ ነን ዛሬም። ስለ አባትና ልጁ በዝናቡ ስላወሩት ባለፈው በቂ ብለናል። ዛሬ የያዘኝ ቁልፉ ነው። የቤተ መቅደሱ ቁልፍ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የመንደሩ አለቃ ልጅ ሳክቲ ፍቅረኛውን ባኑን ይዞ ከለንደን ይመጣል፣ ቤተ መቅደሱ በወንድማማቾቹ፣ በአባቱና በአጎቱ ጠብ ተዘግቷል፣ ባኑ ውስጡን ማየት ትፈልጋለች። ሳክቲ አገልጋያቸውን ኢሳኪን ክፈተው ይለዋል። ማየት የፈለገችው ሌላ፣ ያዘዘው ሌላ፣ ቁልፉን የሰበረው ኢሳኪ። የአጎቱ ልጅ ማያ ቂሙን ሲወጣ ታዲያ የማንን እጅ አስቆረጠ? የጌታውን ልጅ አልነካም። አገልጋዩን ነው ያገኘው።

ከዚያ ሳክቲ ሊጠይቀው ይሄዳል። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ኢሳኪ አያማርርም፣ አንተ ነህ ያስቆረጥከኝ አይልም። ከእንግዲህ የምበላበትም የምጸዳዳበትም ያው አንድ እጅ ሆነ ነው የሚለው። በቃ። በቀኙ ለሚበላ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማንም ማስረዳት የለበትም። አንድ ሰው ማዕድ ላይ የሚቀርብበት ክብሩ ነው አብሮ የተቆረጠው። ኢሳኪን የሚጫወተው ቫዲቬሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ገና አዲስ ኮሜዲያን ነው። ተመልካቹ እሱ አፉን ሲከፍት ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው፣ ንግግሩም የቀልድ ቅርጽ አለው፣ ግን ሳቁ አይወጣም። ልምድ ያለው የድራማ ተዋናይ ቢሰጠው ኖሮ እናለቅስና እናልፈው ነበር። አሁን ግን... አያልፍም።

ፊልሙ ግን ያልፈዋል። ጎርፉ አለ፣ የአባትየው ሞት አለ፣ ሠርጉ አለ። ሠርጉን ካነሳሁ አይቀር፣ ሳክቲ የሚያገባት የገጠር ልጅ ፓንቻቫርናም ዝፈኚ ስትባል የምትዘፍነውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ድምፅዋን የሰጠቻት ዘፋኟ ኤስ. ጃናኪ ድምፅዋን አሳንሳ፣ ትንፋሿን እየሰበረች፣ አንዲት የገጠር ልጅ ያፈረችውን ያህል ብቻ ነው የዘፈነችው። የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት አግኝታበታለች፣ ፓንቻቫርናምን የተጫወተችው ሬቫቲም በትወናዋ አግኝታለች። የሙዚቃ ደራሲው ኢላያራጃ ያንን ዜማ አጅቦ ሊሞላው ይችል ነበር፣ ባዶውን ተወው። እንዴት ደስ ይላል።

እና... ወደ እጁ ልመለስ። መጨረሻው ላይ ሳክቲ ማያን ይገድላል፣ ሳይፈልግ ማለት ነው። የመንደሩ ሰዎች እኛ ገደልነው እንላለን፣ እኛ እንታሰርልህ ይላሉ። እምቢ ይላል። ማጭዱን ጥላችሁ ልጆቻችሁን አስተምሩ ይልና ራሱ ለፖሊስ እጁን ይሰጣል። መጀመሪያ በኢሳኪ እጅ ቁልፍ ያሰበረ ሰው አሁን ማንም ስለ እኔ አይክፈል አለ። ተማረ ማለት ነው? እኔ እንደዚያ ማየት እፈልጋለሁ። ሳክቲን የተጫወተው ካማል ሀሳን ስክሪፕቱን ሲጽፍ ሁለቱን አያይዞ አስቦ ይሆን? አይመስለኝም እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ያለምክንያት እንዲህ አይገጥምም እላለሁ።

ግን እኮ ከፊልሙ ወጥቶ መንገድ ላይ የቀረው ያ ምክር አይደለም። ቴቫር የሚባለውን የሳክቲን ጎሳ ዘር የሚያሞግሰው ዘፈን ነው የቀረው፣ የጎሳ መኩሪያ ሆኖ። ማጭዱን ጣሉ ያለው ፊልም... ተዉት፣ ያናድዳል።

ዳይሬክተሩ ማሪ ሴልቫራጅ ለዚህ ነው ኢሳኪን ያልለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2023 ማማናን የሚባለውን ፊልም ሲሠራ ራሱን ቫዲቬሉን ነው ማማናን አድርጎ ያመጣው፣ ኢሳኪ ማማናን ቢሆንስ ብሎ። ያንን የተናገረው ደግሞ በፊልሙ የሙዚቃ ምረቃ ላይ፣ ካማል ራሱ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ ነው። ቫዲቬሉ እዚያ አንድም ጊዜ ለማሳቅ አይሞክርም። ታዲያ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የመጣ መልስ ለመጀመሪያው ፊልም መልስ ይሆናል? ወይስ ቴቫር ማጋን እዚያው እንዳለ ነው የሚቀረው፣ ዘፈኑም እጁም... እኔ እንጃ። ሁለቱን በተከታታይ እዩዋቸው እስቲ፣ ከቁልፉ ጀምራችሁ፣ ከዚያ ደግሞ...