ኤንኤምዲኤ፦ በላቦራቶሪ የተቀረጸው የአንጎል ቁልፍ

[ምስል፦ ጨለማ። አንድ የነርቭ ሴል ቀስ በቀስ ይበራል።]

በአንጎላችን የነርቭ ሴሎች ላይ አንድ ጥቃቅን በር አለ። ይህ በር ስያሜውን ያገኘው ዘወትር ከሚከፍተው የተፈጥሮ ቁልፍ አይደለም፤ ኬሚስቶች በላቦራቶሪ ከቀመሙት ነው። ያ ውሁድ ኤንኤምዲኤ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ኤን-ሜቲል-ዲ-አስፓርቲክ አሲድ ነው። በሩም የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ይባላል።

ስሙ አፍ ቢያስይዝም ፍቺው አይከብድም። አስፓርቲክ አሲድ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። እንደ ቀኝና ግራ እጅ ተመሳሳይ የሆኑ፣ ግን የማይገጣጠሙ ሁለት መልኮች አሉት። ሰውነት ለፕሮቲን የሚጠቀመው ኤል የተባለውን ሲሆን፣ ኤንኤምዲኤ የሚሠራው ከዲ ነው። በናይትሮጅኑ ላይ ደግሞ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዘች ሜቲል የምትባል ቅጥያ አለችበት።

[ምስል፦ ሁለት ሞለኪውሎች ጎን ለጎን።]

እዚህ ላይ እንቆይ፤ እኔን መደነቅ ያልተወኝ ይህ ነው። በግራ በኩል የምታዩት ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ አንጎል ነርቮቹን ለማነቃቃት ከሁሉ በላይ የሚጠቀምበት፣ በተለምዶ ግሉታሜት የምንለው። በቀኝ ኤንኤምዲኤ አለ። አቶሞቻቸውን ቁጠሩ፦ 5 ካርቦን፣ 9 ሃይድሮጅን፣ 1 ናይትሮጅን፣ 4 ኦክስጅን። ሁለቱም ጋ ቁጥሩ አንድ ነው። የተለየው አደራደሩ ብቻ ነው። ሆኖም ግሉታሜት የተለያዩ ተቀባዮችን ሁሉ ሲከፍት፣ ኤንኤምዲኤ አንዱን ዓይነት ለይቶ ይከፍታል። ተመራማሪዎች ያንን ተቀባይ ከሌሎቹ ነጥለው ማጥናት የቻሉት በዚህ መራጭነቱ ነው።

[ምስል፦ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ወደ ሴል ሲጠጋ።]

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውስትራሊያ ካንቤራ ነው። ኬሚስቱ ጄፍ ዋትኪንስ ግሉታሜትን የሚመስሉ ውሁዶችን ይቀምማል፤ ከነርቭ ተመራማሪው ዴቪድ ከርቲስ ጋር በድመት ኅብለ ሰረሰር ላይ ይፈትኗቸዋል። ጫፉ በዓይን የማይታይ የመስታወት ቱቦ ወደ አንድ የነርቭ ሴል ይጠጋል፤ በቱቦው ያለው ውሁድ በጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ተገፍቶ ይወጣል፤ የሴሉ ምላሽ ይመዘገባል። የኤንኤምዲኤ ተራ ሲደርስ ሴሉ ከግሉታሜት ይልቅ እጅግ በርትቶ ተቀሰቀሰ። አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ግሉታሜትን በዙሪያው ያሉ ሴሎች ፈጥነው ጠርገው ይወስዱታል፤ ኤንኤምዲኤን ግን የሚያነሣው የለም።

[ምስል፦ የበሩ ውስጣዊ ገጽታ።]

አሁን ወደ በሩ እንግባ። አራት የፕሮቲን ክፍሎች ተቃቅፈው የሠሩት ቀዳዳ ነው። በሁለቱ ላይ ግሉታሜት ወይም ኤንኤምዲኤ ያርፋል፤ በሌሎቹ ሁለት ላይ ግላይሲን ወይም ዲ-ሴሪን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ማረፍ አለበት። ይህም ሁሉ ተሟልቶ ፍሰቱ ላይጀምር ይችላል፤ ሴሉ ባረፈበት ጊዜ አንድ የማግኒዚየም አዮን (የኤሌክትሪክ ሙላት ያለው አቶም) በቀዳዳው ውስጥ እንደ ውታፍ ተሸጉጦ ይቆያልና። ይህ እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር የታወቀው። ውታፉ የሚለቀው ሴሉ በሌላ መንገድ አስቀድሞ ሲነቃቃ ነው። ላኪው ሴል ግሉታሜት ረጭቶ፣ ተቀባዩ ሴልም በዚያው ቅጽበት ነቅቶ ሲገኝ ብቻ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ካልሲየሙም በሁለቱ ሴሎች መካከል ያለው ትስስር እንዲጠነክር ያዛል።

ይህ ከመማር ጋር ምን ያገናኘዋል? እ.ኤ.አ. በ1986 የአንጎል ተመራማሪው ሪቻርድ ሞሪስና ባልደረቦቹ የኤንኤምዲኤ ተቀባይን የሚዘጋ ኤፒ5 የተባለ ውሁድ ወደ አይጦች አንጎል አስገቡ። አይጦቹ በደፈረሰ ውኃ ገንዳ ውስጥ እየዋኙ ከውኃው በታች የተደበቀ መቆሚያ መፈለግ ነበረባቸው። መድኃኒቱን ያላገኙት ቦታውን ለይተው አወቁ፤ ያገኙት ግን ቦታውን መያዝ እጅግ ተቸገሩ።

[ምስል፦ በካልሲየም የተጥለቀለቀ ሴል።]

በሩ ከልክ በላይ ሲከፈት ደግሞ አደጋ ነው። በስትሮክ ጊዜ ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል በግሉታሜት ይጥለቀለቃል፤ ካልሲየም ያለ ገደብ ይገባል፤ ሴሎቹ ይሞታሉ። ኤንኤምዲኤ ራሱ በብዛት ሲሰጥ የነርቭ ሴሎችን ይገድላል፤ ስለዚህ የምርምር መሣሪያ እንጂ ሰው የሚወስደው መድኃኒት አይደለም። በሕክምና የሚያገለግሉት በሩን የሚዘጉት ናቸው፦ ለማደንዘዣ ኬታሚን፣ ለአልዛይመር ሕመም ሜማንቲን። ሜማንቲን የሚገባው ማግኒዚየም ከሚቆምበት ከዚያው ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚለቅም በሩ በተለመደው ሥራው እንዲቀጥል ፋታ ይሰጠዋል።