ከፎልደሩ በኋላ የመጣችው ሰረዝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ሰረዝ ላወራችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ ፋይሎችን የሚያጠፋ ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም፣ ማለትም ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራ፣ ጽፌ ነበር፣ ጎ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ። ድራይ ረን የሚባል ፍላግ፣ ማለትም በሰረዝ ጀምሮ ከትእዛዙ ጋር የሚጻፍ ምርጫ፣ አለው። እሱን ካላችሁት የሚጠፉትን ፋይሎች ስም ያሳያችኋል እንጂ ምንም አይነካም። እኔ ሁልጊዜ ፍላጉን አስቀድሜ ነው የምጽፈው፣ ከዚያ የፎልደሩን ስም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ፎልደሩን አስቀደመችና ሰረዝ ድራይ ረን ብላ ኢንተር መታች። ፋይሎቹ ጠፉ። አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም። «ድራይ ረን ብዬው ነበር እኮ!» አለችኝ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። እውነቷን ነው፣ ብላው ነበር።

የሆነው ምን መሰላችሁ? የጎ ፍላግ ፓኬጅ፣ ማለትም ፍላጎችን የሚያነብልን ዝግጁ ኮድ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በተራ ያነባል፣ ፍላግ ያልሆነ ቃል ሲያገኝ ግን እዚያው ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሰረዝ ይኑረውም አይኑረው፣ ለእሱ ተራ ቃል ነው። ይህ በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ባግ አይደለም። ግን ሊኑክስ ላይ የሠራ ሰው እጁ ሌላ ነው የለመደው። እዚያ ኤልኤስ የሚባለውን ፋይል የሚዘረዝር ትእዛዝ፣ የፎልደር ስም፣ ከዚያ ሰረዝ ኤል ብትሉ ይሠራል፣ ምክንያቱም የግኑ ጌትኦፕት የሚባለው የእዚያው ፍላግ አንባቢ ኮድ ፍላጎቹን ከየትም ቦታ ለቅሞ ወደ ፊት ያመጣቸዋል። ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?

ፍላግ በሚለው ቃል ውስጥ ፍላጎት ይሰማኛል። ሰውየው የሚፈልገውን ለፕሮግራሙ የሚነግርበት ነውና። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል ወስዶ፣ የተረፈውን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ፓኬጁ እኮ የተረፉትን ቃላት አስረክቦኛል፤ ስንት እንደሆኑ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ላይም ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ፦ አርግፓርስ በሚባለው የፍላግ አንባቢው ላይ የፍላጉን ታይፕ ቡል፣ ማለትም እውነት ወይም ሐሰት፣ ካላችሁት፣ ተጠቃሚው «ፎልስ»፣ ሐሰት፣ ብሎ ሲጽፍ «ትሩ»፣ እውነት፣ ይሆናል፣ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ስለሚባል።

ፋይሎቹን ከባክአፕ መለስናቸው። ፕሮግራሙንም ቀየርኩት። አሁን ያለ ፍላግ ከተነሳ ስም ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ለማጥፋት አጥፋ ብሎ መጻፍ ግድ ነው። ከአንድ በላይ ቃል ከተረፈም ቃሉን ጠቅሶ ይቆማል።

መጀመሪያ የሞከረችው ያቺው ባልደረባዬ ናት። ሆን ብላ ፎልደሩን አስቀደመች። «ይሄ ቃል አልገባኝም፣ ፍላግ ከሆነ ከፎልደሩ በፊት አድርጊው» አላት ፕሮግራሙ።