ልጅ ስላለቀሰ ቡአ አይወጣበትም

ሰላም ቤተሰቦች! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ልጆች የብሽሽት ቡአ ነው። ሐኪሞች ኸርኒያ የሚሉት።

እስቲ በረት አስቡ። ጥጆች የታጎሩበት በረት። በረቱ የልጁ ሆድ ነው፣ ጥጆቹ አንጀቶቹ ናቸው። ወንድ ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ ቆለጡም ያለው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። መወለጃው ሲቃረብ በብሽሽት በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በበረቱ በር ወጣ ማለት ነው። እሱ ከወጣ በኋላ በሩ መዘጋት ነበረበት። አንዳንዴ ሳይዘጋ ይቀራል። ጥጃ በር ክፍት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይወጣላ! ብሽሽት ላይ ወጣ ገባ የሚለው እብጠት እሱ ነው። የቀኙ ቆለጥ ዘግይቶ ስለሚወርድ በቀኝ በኩል ይበዛል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ላይ ደግሞ ይብሳል። ሴቶችም ላይ ይወጣል።

አሁን ብዙ እናቶች ወደጠየቃችሁኝ ልምጣ። «ስላስለቀስኩት ነው ወይ?» አይደለም እህቴ! አይደለም። ልጅ ሲያለቅስ ጥጃው በሩን ይገፋል። በሩ ግን ድሮም ክፍት ነበር። ለቅሶው እብጠቱን አሳየሽ እንጂ አላመጣውም። «አስለቅሰሽው ነው» የሚልሽ ካለ ይህን ቪዲዮ ላኪለት። ይህ ወቀሳ በጣም ያናድደኛል፤ እናት አፍራ ልጇን ሳታሳክም ትቆያለች። «ሳንቲም ልሰርበት?» ላላችሁም፦ አይሆንም። በሩን አይዘጋውም። የእምብርቱ ቡአ ሌላ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ራሱ ይዘጋል። የብሽሽቱን ግን ይድናል ብላችሁ አትጠብቁ።

መፍትሔው ኦፕራሲዮን ነው። ልጁ በማደንዘዣ ይተኛል። ሐኪሙ ብሽሽቱን በትንሹ ከፍቶ፣ አንጀት የሚገባባትን ስስ ከረጢት ከዘር ቧንቧውና ከደም ስሮቹ ይለያል፣ አንገቷ ላይ ያስራታል፣ ይቆርጣታል። በቃ! በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶም ይሠራል። አዋቂ ላይ አጥሩ ራሱ፣ ማለትም የሆዱ ግድግዳ፣ ስለላላ ብዙ ጊዜ ማጠናከሪያ መረብ ይደረግበታል፤ የልጅ አጥር ጠንካራ ነው፣ በሩን መዝጋት ይበቃል። አብዛኞቹ በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ቀጥሎ ስለ ማደንዘዣው አወራለሁ።

ጥጃው በሩ ላይ ቢያዝስ? እብጠቱ ጠጥሮ ወደ ውስጥ አልገባ ካለ፣ ልጁ ካስታወከ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ አንጀቱ ደም እያጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ጨቅላዎች ላይ ይበዛል። ለዚህ ነው «ትንሽ ይደግ» የሚለውን ምክር የማልወደው። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በጉልበት ለመመለስ አትሞክሩ። ሐኪም እስኪያየው ድረስም ምንም አታብሉት፣ ጡትም ቢሆን።