በፊርማችን የሚታደስ መድኃኒት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፣

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የቤተሰብ ሐኪሞች ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነው። ርዕሱ ሰፊ በመሆኑ በየቀኑ በእጃችን በሚያልፍ አንድ ሥራ በኩል ልመለከተው መርጫለሁ፤ ይኸውም ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎቻችን መድኃኒት ደግመን የምናዝዝበት ሥራ ነው።

ከዓመታት በፊት የደም ግፊት ክትትል የነበራቸውን አንዲት እናት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። ከከረጢቱ እያወጡ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ። ለግፊታቸው አምሎዲፒን ታዝዞላቸው ነበር፤ ቁርጭምጭሚታቸው ሲያብጥ ሽንት የሚያሸናው ፉሮሰማይድ ተጨመረ፤ ፉሮሰማይዱ ዩሪክ አሲዳቸውን ከፍ አድርጎ ሪህ ሲቀሰቅስባቸው ደግሞ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ተሰጣቸው፤ እሱም በተራው ግፊታቸውን መልሶ ሰቀለው። እብጠቱ የአምሎዲፒን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አዲስ በሽታ አልነበረም። ከእነዚያ ማዘዣዎች አብዛኞቹን በፊርማዬ ያደስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን «ዶክተር፣ እርስዎ ያዘዙልኝን አንድም ቀን አላስታጎልኩም» አሉኝ። ያ እምነታቸው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

አንድን መድኃኒት መጀመሪያ ስናዝዝ እንጠይቃለን፣ እንመረምራለን፣ እናመዛዝናለን። ሲደገም ግን ወረቀቱ በሥራ መውጫ ሰዓት ከሌሎች ጋር ተደራርቦ ይቀርብልናል፤ ያለፈው ጊዜ ስለተፈረመበት ብቻ ዛሬም ይፈረምበታል። በመካከሉ የታካሚው ኩላሊት ደክሞ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ ሌላ ሐኪም ሌላ መድኃኒት ጨምሮለት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን መቆም አለበት። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም ሊቲየም የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው የመድኃኒቱ መጠን፣ ኩላሊቱና ታይሮይዱ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ሊታዩለት ይገባል። ለመገጣጠሚያ ብግነት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን አዳክሞ ሊገድል ስለሚችል፣ ማዘዣው ላይ የሚወሰድበት ቀን በስሙ፣ ለምሳሌ «ሰኞ» ተብሎ መጻፍ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት አጠቃቀም ጋር የተያያዘ፣ ሊወገድ የሚችል ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ እንዲቀንስ ጥሪ ያቀረበው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ታዲያ ትምህርታችን ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው አዳራሽ ተቀምጠን ገለጻ በማዳመጥ ነው፤ ነጥብ ይያዝልናል፣ ምስክር ወረቀት እንቀበላለን፣ በማግስቱ ግን የምንፈርመው እንደ ትናንቱ ነው። ገለጻ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። እኔን የለወጠኝ ግን የዚያች እናት ከረጢት፣ የገዛ ማዘዣዬ ማለትም፣ ፊት ለፊቴ መቀመጡ ነው። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ እያንዳንዳችን በየወሩ አሥር ተደጋጋሚ ማዘዣዎችን ሳንመርጥ እንድናወጣና መድኃኒቱ ለምን እንደተጀመረ፣ መጨረሻ የተገመገመው መቼ እንደሆነ፣ ምን ምርመራ እንደቀረ ከባልደረቦቻችን ጋር ተቀምጠን እንድናይ ነው። ፋርማሲስቱ፣ ነርሷና ወረቀቱን የምታዘጋጀው የካርድ ክፍል ሠራተኛም አብረውን ይቀመጡ፤ ታካሚው መድኃኒቱን ቀድሞ እየጨረሰ ወይም ጨርሶ እየተወው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ከእኛ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መድኃኒት ማቆምም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለዓመታት የተወሰደ እንደ ዳያዜፓም ያለ የጭንቀት ማስታገሻ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በአንድ ቀን አይቆረጥም፤ መጠኑ ቀስ በቀስ፣ ታካሚው እየተነገረውና እየተስማማ ይቀነሳል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜው ደግሞ ከሐኪሙ የእረፍት ሰዓት ሳይሆን ከሥራ ሰዓቱ ሊመደብ እንደሚገባ፣ እዚህ ለተገኛችሁ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች በአክብሮት አሳስባለሁ።

የእኚያ እናት አምሎዲፒን በሌላ መድኃኒት ሲተካ እብጠቱ ጠፋ፤ ፉሮሰማይዱም ዳይክሎፌናኩም ቀሩ። ከሰዓት በኋላ በየቡድናችን ስንቀመጥ የታካሚዎቹ ስም የተሸፈነባቸው አሥር ማዘዣዎች ይዤ እገኛለሁ፤ ምርመራውን ከእኔ ማዘዣዎች ጀምሩ።

አመሰግናለሁ።