መሣሪያው በእኛ በር ገባ፣ ደመወዙ አዲስ አበባ ቀረ

ክቡራትና ክቡራን፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የመጣችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ከፊት ረድፍ የሙዚቃ መሣሪያችሁን ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ማርሽ ባንድ፣ በሰልፍ እየሄደ ነሐስ ስለሚነፋው ቡድን ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ አዘጋጆቹ «አደራ፣ አጠር ይበል» ብለውኛል። እሞክራለሁ።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚተረከው ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ 40 የነሐስ መሣሪያዎች ከአሠልጣኝ ጋር ላኩ፤ በአዲስ አበባም የመጀመሪያው ማርሽ ባንድ ተቋቋመ። ነፍቶ መጫወትማ ለአገሩ አዲስ አልነበረም። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ የተወውን ሌላው እየተቀበለ ዜማውን ሲያስኬዱ ኖረዋል። ኅብረት ማለት ይኸው ነው። አዲሱ ነገር ነሐሱ፣ ኖታውና የሰልፉ እርምጃ ነበር። መሣሪያ ግን ክንፍ አውጥቶ አይበርም። ባቡር ገና ባልነበረበት በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ ሸዋ የሚያወጣው ዋናው የነጋዴ መንገድ በሐረር ነበር።

ከዚያ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ መጣ። የሐረር ዳገት ስለከበደው ወደ ቆላው ዞረና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ድሬዳዋም አብራው ተወለደች። የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለዓመታት እዚሁ ቆመ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ 40 የአርመን ልጆች የሚጫወቱበት ባንድ አዩ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። አልጋ ወራሹ አስፈቅደው አስመጧቸው፤ «ዐርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ከጅቡቲ ወደ ላይ የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛ ሁሉ ድሬዳዋ ያድር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማ ደራሲ ናልባንዲያን በከተማችን ያለፈ መንገደኛ ነው ማለት ነው። በየትኛውም አደባባያችን ላይ ይህን የሚያስታውስ ነገር አላየሁም።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይህ ነው፤ መሣሪያውም አስተማሪውም በእኛ በር ገቡ፣ ባንዱ ግን አዲስ አበባ ተቀመጠ። ምክንያቱ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን ማርሽ ባንድ የኖረው የደንብ ልብስና ደመወዝ ባለበት ነው፤ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት፣ በማዘጋጃ ቤት። የምሥራቁ ልጅም ደመወዙን ተከትሎ ሄደ። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛው የሙዚቃ ቡድን በአፍረን ቀሎ ጀምሮ ክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ። ሐረርም በ1950ዎቹ የጦር አካዳሚዋ መኰንኖች ሰልፍ ታይባት ነበር፤ ሰልፍ ደግሞ ያለ ማርሽ አይሆንም። ነገር ግን ጌታ ያለው ባንድ ጌታው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ሌላ መንገድም አለ። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በሚባለው አገር፣ እንደ ፖርትሌቨን ያሉ ትንንሽ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች የየራሳቸው የነሐስ ባንድ አላቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቁልፍ ያለው የነሐስ መሣሪያ ተፈልስፎ፣ በፋብሪካ እየተመረተ ዋጋው ሲቀንስ፣ በብዙ የእንግሊዝ መንደሮች ሠራተኛው አዋጥቶ ገዛ። አንዳንዱን ባንድ የፋብሪካ ባለቤት ደገፈው፤ ብዙው ግን በመዋጮ ቆመ። አባት የነፋውን ልጅ ይነፋል። እኛ እድርና እቁብ የምናውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ቱባ የሚባለውን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ አይቻለሁ። አፉ ወደ ላይ ነው፤ ውስጡ አሮጌ መዝገብ ተጠቅጥቆበታል። ቁልፎቹን ስጫን ሦስቱም አልተነሡም። ዘይት ያጡ ነበሩ እንጂ አልተሰበሩም። መዝገቡን ልታወጡልኝ ትችላላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ «በደብዳቤ ይጠይቁ» ተባልኩ። ደብዳቤው ገብቷል።

ልጆች፣ ለእናንተ ደግሞ የድሬዳዋን ፀሐይ የሚመለከት ምክር አለኝ። የነሐስ መሣሪያ ሲሞቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የመጣው ትራምፔትና ፀሐይ ላይ የቆየው ትሮምቦን ፈጽሞ አይስማሙም፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የጓደኛችሁ ጆሮ አይደለም። ሁላችሁም አንድ ጥላ ሥር ቆዩ፣ መሣሪያችሁን በትንፋሻችሁ አሙቁ፣ ከዚያ ቃኙ። ስትጨርሱ ውስጡ የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ፤ ይህን ያልለመደ ልጅ ቶሎ ዝገት ያስተምረዋል።

ለወላጆች ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። መሣሪያዎቹ የአንድ ቢሮ ንብረት ሆነው አይመዝገቡ፤ የባንዱ ማኅበር ይረከባቸው። የመጋዘኑ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ አንደኛው ከልጆቹ መካከል ይመረጥ። ለዘይትና ለጥገና በየወሩ ጥቂት ብር ይዋጣ። የመዋጮው መዝገብ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ ስገባ ፈርሜያለሁ። አመሰግናለሁ።