እርሾ፣ ማርና ቁስል

እንደምን አረፈዳችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እዚህ ጅማ ልጅ እጁን ሲቆረጥ መጀመሪያ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ቡና! የተወቀጠ ቡና ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። እኔም ጉልበቴ ላይ ተነስንሶብኛል፤ ጥቁር ነጠብጣቡ ዛሬም አለ። ነርስ ሆኜ ቁስል ማጠብ ስጀምር ደግሞ ጉዱን በቅርበት አየሁት። ቡናው ከደሙ ጋር ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። ከላይ ሲያዩት የዳነ ይመስላል። በውሃ አርጥበን ስናነሳው ግን ሥሩ መግል ነው።

ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ እርሾ ላወራ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። የዳቦ እርሾ በዓይን የማትታይ ፈንገስ ናት። ግድግዳዋ ውስጥ ቤታ-ግሉካን የሚባል ነገር አለ። ማክሮፌጅ የሚባለው የሰውነታችን ዘበኛ ሴል እሱን ሲነካ "ፈንገስ ገባ!" ብሎ ይነቃል። ቁስል ውስጥ ባክቴሪያ የሚውጠው፣ የሞተውን ሥጋ የሚጠርገው፣ አዲስ ሥጋ የሚሠሩትን የሚጠራው ይኸው ሴል ነው። ተመራማሪዎች የተጣራ ቤታ-ግሉካን ቁስል ላይ የሚሞክሩት ለዚህ ነው። የፊት ክሬም ውስጥም ይገባል። እዚያ ሥራው በዋናነት ቆዳን ማርጠብ ነው፤ "ወጣት ያደርጋል" ለሚላችሁ ብራችሁን አትስጡ።

ልብ በሉ፣ "የተጣራ" ነው ያልኩት። ከቡሃቃው ጨልፋችሁ ቁስል ላይ እንዳታደርጉ! እዚያ ውስጥ እርሾዋ ብቻዋን አይደለችም፣ ብዙ ጎረቤት አላት።

ማርም እንደዚሁ ነው። አያቶቻችን ለቁስል ይበጃል ሲሉ አልተሳሳቱም። ስኳሩ የባክቴሪያውን ውሃ ይመጥጣል። ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ደግሞ የቁስሉን እርጥበት ሲያገኝ ጀርም የሚገድል ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ ያወጣል። ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር ግን በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። የገበያውን ማር ብሉት። የጠርሙሱን ፐርኦክሳይድ ቁስል ላይ በየቀኑ ማፍሰስም ይቅር፤ አረፋው ደስ ቢልም አዲሱን ሥጋ ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያናድደኛል። የአንቲባዮቲክ፣ ማለትም የባክቴሪያ መድኃኒት፣ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መበተን! ሳይንቲስቱ ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ያገኘው ከሻጋታ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ የእርሾ ዘመድ ነው። በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር እንደሚያለማምደው ተናግሮ ነበር። እኛ ዱቄቱን እንደ በርበሬ እንነሰንሳለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ደሙን አቁሙ። በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ሸፍኑ። ውሻ ከነከሰ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና እጠቡና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ። ሚስማር ከወጋ፣ ቁስሉ ከጠለቀ ወይም ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ከቆሰለ አትጠብቁ።

አሁን ፋሻ አስተሳሰር ላሳያችሁና እጃችሁን አሟሹ። ቡናውም ጀበና ላይ ነው፣ ትክክለኛ ቦታው።