ሁለት ክሊክ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ ማስታወሻ አልያዝኩም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፣ እሱም አልለቅ ብሎኛል። ስለ በቅሎ ነው፣ ስለ ሞተር ሳይክሌ። አዎ፣ አሁንም በቅሎ። "እሷን ካላነሳሽ ክፍሉ አያልቅም" የምትሉኝ ልጆች፣ ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሷ ናት።

የኋላ አሞርዛተሯ፣ ያ የመንገዱን ምት የሚያበርደው ሞላና ዘይት ያለው ዕቃ፣ እንደተቀየረ ታውቃላችሁ። ሞላው በእኔ ክብደት የተመረጠ ነው። ሳጉም ተለክቷል። ሳግ ምንድነው ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሞተሯን አንስታችሁ የኋላ ጎማው ሲንጠለጠል፣ ከጎማው አክስል እስከ መቀመጫው ስር ድረስ ትለካላችሁ። ከዚያ ሙሉ ልብሳችሁን፣ ሄልሜቱንም ጭምር፣ አድርጋችሁ ትቀመጡና ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይለካል። ልዩነቱ ሳግ ነው። ለመንገድ ሞተር ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። የበቅሎ 35 ነው። ማንም ሳይቀመጥባት በራሷ ክብደት ብቻ ደግሞ 10 ሚሊ ትወርዳለች። ይሄንን ሁለተኛውን ልክ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። ሰው ሲቀመጥ ልኩ ደህና ሆኖ፣ ባዶዋን ምንም የማትወርድ ከሆነ፣ ሞላው ለስላሳ ነው ማለት ነው። በግድ ተጨምቆ ነው የቆመው።

እና ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። እሷ ግን ትመታለች። ወገቤን ትመታኛለች።

አንድ መታጠፊያ ጋ ልውሰዳችሁ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይመጣና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው በፊት አስፋልቱ ተሸብሽቧል። ጉድጓድ የለም። ከባድ መኪኖች ፍሬን የሚይዙበት ቦታ ላይ የሚፈጠሩት፣ ትንንሽና ተከታታይ ሽብሽቦች ናቸው። የመጀመሪያው ምንም አይልም። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ዱብ ትላለች። አራተኛው ቀጥታ ወገቤ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወደ መታጠፊያው ስገባ የፊት ጎማው ቅልል ይልብኛል። መሪውን እገፋለሁ፣ እሷ ግን ወደ ውጭ፣ ወደ መሃል መስመሩ ትሄዳለች።

ሰውነቴ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። ደረቅ ናት። አሞርዛተሩ ደረቅ ነው። ይሄን አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

አንድ ቀን እዚያ መንገድ ላይ ጋሼ ከኋላዬ ነበር የሚነዳው። ጋሼን ታውቁታላችሁ፣ ሲነዳ አይናገርም፣ ሲቆምም ብዙ አይናገርም። ዳር ያዝን። ሄልሜቱን ሳያወልቅ መጣና "ውረጂ እስቲ" አለኝ። ወረድኩ። መቀመጫውን በመዳፉ ወደ ታች ተጫነውና ለቀቀው። አንድ ጊዜ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

"አየሽው?"

"ምኑን ጋሼ?"

"ሲመለስ።"

ደግሞ ተጫነው። አሁን አየሁት። መቀመጫው ተነሳ፣ ግን በዝግታ። በጣም በዝግታ። እጁ ከለቀቀው በኋላ ገና መንገድ ላይ ነበር። "ከኋላሽ ሆኜ ሳይ፣ ሽብሽቡ ላይ ትወርጃለሽ፣ አትወጪም" አለኝ። ትንሿን ካቻቪቴ አወጣ። ተንበረከከ። አሞርዛተሩ ግርጌ፣ ከታች፣ አንዲት ቪቴ አለች፤ እሷን ወደ ግራ አዞራት። ክሊክ። ክሊክ። በቃ። "እዚያው መንገድ ላይ ሂጂና ተመለሽ።"

ሄድኩ። ሽብሽቡ ላይ ስደርስ ሰውነቴ ራሱን አጠነከረ፣ ወገቤ ምቱን ይጠብቃል። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛውን እየጠበቅኩ ሳለ መታጠፊያው ውስጥ ገብቻለሁ። መሪውን ነካ አደረግኩት፣ ታጠፈች። መስመሯን ይዛ ወጣች።

ይሄን ነው በጭንቅላቴ የምደጋግመው። ምቱ የሚመጣበትን ሰዓት እየጠበቅኩ፣ ሰዓቱ አለፈ።

እንግዲህ ምን ሆነ? ሞላው ሲጨመቅ ጉልበት ይይዛል። ሲመለስ ያንን ጉልበት የሚያረጋጋው ዘይቱ ነው፣ በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ። ያቺ ቪቴ የምትቆጣጠረው መመለሱን ነው። ሪባውንድ ይሉታል። በጣም ክፍት ከሆነ ሞተሯ ትዘላለች። በጣም ከተዘጋ ደግሞ ጎማው ከመጀመሪያው ሽብሽብ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርሳል። ሳይመለስ ሦስተኛው። እያንዳንዱ ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል። አራተኛው ሲመጣ መንቀሳቀሻ ቦታው አልቋል፣ ሞላው በጣም ተጨምቋል፣ እና ወገብ ላይ ያርፋል። ኋላዋ ዝቅ ስላለ የፊት ሹካው አንግል ይለጠጣል፣ ክብደት ከፊት ጎማ ላይ ይነሳል፣ መታጠፍ ትከብዳለች። ሁለት የሚመስሉኝ ችግሮች አንድ ነበሩ።

እና ይሄ ነው እረፍት የነሳኝ። የተሰማኝ ነገር "ደረቅ" ነበር። በደንብ፣ ያለ ጥርጥር ተሰምቶኛል። የነበረው ግን ዝግታ ነው። ደረቅ ነው ብሎ ሞላውን የሚያላላ ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ ሞተሯ ከመነሻው ዝቅ ትላለች፣ ቦታው ቶሎ ያልቃል። የሰውነት ስሜት እንዴት ነው ተቃራኒውን መንገድ የሚያሳየው? እኔ እኮ በመቀመጫዬ መንገድ የማነብ ሰው ነኝ። ሁሌም የምለው እሱን ነው። "ቁጥሩን ተዉት፣ ሰውነታችሁን ስሙ።" አሁን ይሄን ልበል ወይ አልበል…

አይ፣ ይሄን ወደ ሕይወት ትምህርት መውሰድ አልፈልግም። ስለ አሞርዛተር ነው የማወራው።

በነገራችን ላይ ሞላ ማጥበቅ የሚባለው ነገር። ፕሪሎዱን፣ ማለትም ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቀውን ማስተካከያ፣ ሲያዞሩ "አጠነከርኩት" የሚሉ አሉ። ሞላው ያው ሞላ ነው። አንድ ሚሊ ለመጨመቅ የሚፈልገው ጉልበት አልተለወጠም። የተለወጠው ሞተሯ የቆመችበት ከፍታ ነው። ጠንካራ ሞላ ከፈለጋችሁ ሌላ ሞላ ግዙ። ይሄን መቶ ጊዜ ብናገር አይሰለቸኝም፣ ምክንያቱም ሰው በዚህ የተነሳ ነው ሞተሩን የሚጠላው።

ደግሞ ከኋላ አንድ አሞርዛተር ብቻ መኖሩ ራሱ እንዴት ያለ ነገር ነው! ለሞቶክሮስ፣ ለአቧራ መንገድ ውድድር፣ የሆነውን ሉሲየን ቲልኬንስ የሚባል ቤልጂየማዊ መሐንዲስ ነው ያመጣው። ያማሃ ወሰደው። በ1973 ሀካን አንደርሰን በዚያ ሞተር የ250 ሲሲ ሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጎማው ረጅም መንገድ ይወርዳል ይወጣል፣ ከመሬት ግን ብዙ አይለይም። ያ ሰውዬ ያሰበው ስለ ምቾት አይመስለኝም። መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ አይታጠፍም። ምቾቱ ተከትሎ የመጣ ነው። እኔ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ፊቷ። የበቅሎ ፎርክ፣ የፊት ሹካዋ ማለቴ ነው፣ የድሮው ዓይነት ነው፣ ዘይቱ በማይለወጥ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለው ላይ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ፣ እንቅስቃሴው ዝግ ስለሆነ፣ አፍንጫዋ ይሰምጣል። ስለታም ጠርዝ ሲመታት ደግሞ ዘይቱ ቶሎ ማለፍ ስለማይችል እጅ ላይ ያርፋል። ወፍራም ዘይት መስመጡን ይቀንሳል፣ ምቱን ያባብሳል። ቀጭን ዘይት ተቃራኒውን። ለዚህ ነው ኢሙሌተር የሚባለውን ቫልቭ ሞላው ስር የሚያስገቡት፤ ምቱ ሲበረታ ይከፈታል። ዘይት ስትገዙ ደግሞ 10 የሚለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የአንዱ አምራች 10 ከሌላው 10 ጋር ላይገናኝ ይችላል። በ40 ዲግሪ ስንት ሴንቲስቶክ እንደሆነ እዩ፣ የውፍረቱ ልክ ማለት ነው፣ እሱ ነው የሚነጻጸረው።

ቫልቩ አለኝ። ዘይቱም አለኝ። ፎርኩን ግን አልፈታሁትም።

ለምን መሰላችሁ? ከዚያ ቀን በኋላ በዚያው መታጠፊያ ሳልፍ የፍጥነት ቆጣሪውን አየሁት። ከበፊቱ በላይ ነበር። ልፍጠን ብዬ አልነበረም። ቀስ ብዬ የምነዳ ነበር የመሰለኝ። በፊት አራተኛው ምት "ያዢ" ይለኝ ነበር። አሁን የሚለኝ የለም። መንገዱ ያው ነው። ሽብሽቡም ያው። እኔ ብቻ ነኝ የማልሰማው።

አዎ፣ አውቃለሁ፣ መሬት የያዘ ጎማ ካልያዘው ይሻላል። ይሄን ከማንም ጋር እከራከርበታለሁ። ድንገት ፍሬን መያዝ ቢያስፈልገኝ የዛሬዋን በቅሎ ነው የምመርጠው። ግን ሰውነቴ ያኔ ዝግታን ደረቅ ካለኝ፣ ዛሬ "ቀስ እያልሽ ነው" ሲለኝ እንዴት ልመነው? ወይስ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ይለምዳታል? ሊሆን ይችላል። ጋሼን ልጠይቀው ብዬ ነበር። ግን ምን ብዬ? "ሞተሬ ጥሩ ሆነችብኝ" ልበለው?

እናንተም እንደዚህ ሆኖባችሁ ከሆነ ድምፅ ላኩልኝ፣ የምሬን ነው። እስከዚያ ፎርኩን… ወይም አይ፣ መጀመሪያ አንዱን ክሊክ ልመልሰውና በዚያው መንገድ… እሱም ቢሆን፣ የማውቀውን ነገር ሆን ብዬ ማበላሸት ነው። ቆይ እስቲ፣ ነገ ቆጣሪውን እያየሁ ልሂድ፣ ከዚያ…